እኩል የተካፈለ አስኳል

ኡሙልኸይር ከትሪ የራቀችው ሰው ጠልታ አይደለም፤ አፍራ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከባሏ ከሱሌማንና ከልጇ ከሱንዱስ ጋር ተቀምጣ የዓሣ ወጡን በዳቦ ስታጣቅስ፣ ነክሳ ወደ ትሪው የመለሰችው ቁራሽ ላይ ደም አየች። ሱሌማንም አይቷል። ሰውዬው ከባሕር ዳር ጎርጎራ ጀልባ ሲነዳ የኖረ፣ ማዕበል ሲነሳበት እንኳ «ትንሽ ነፈሰ» የሚል ጨዋ ነውና «ዘንድሮ ቲማቲሙ እንዴት ቀላ!» ብሎ አለፈው። ወጡ ውስጥ ግን ቲማቲም የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ስሠራ ቀምሻለሁ» ማለት ለመደች። ማንም አላመናት፣ ማንም ደፍሮ አልጠየቃት። የታችኛው ፊት ጥርሶቿ በምላሷ ስትነካቸው ይነቃነቃሉ። ጠዋት ስትነሳ ትራሷ ላይ ደም ታገኛለች። ይህ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። እናቷ በእሷ ዕድሜ ድዷ ባዶ ቀርቶ፣ ዳቦ በሻይ እየነከረች ከመጋረጃ ጀርባ ለብቻዋ ስትበላ ኖራ ነው የሞተችው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል በሚባልበት ሰፈር ከመጋረጃ ጀርባ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኡሙልኸይር ሀብትም ሹመትም አልተመኘችም። እነዚያን ጥርሶች ይዛ ከቤተሰቧ ጋር ትሪ ከብባ መብላት ብቻ ነበር የፈለገችው።

በሐይቁ ዳር ሰፈር ደረቅ ዓሣና ቅመም ትሸጣለች። ከዚያ በላይ ግን የታወቀችው በፍርዷ ነው። ሁለት ሴቶች በድስት ቢጣሉ፣ በአጥር ቢጣሉ፣ በባል ዘመድ ቢጣሉ፣ መጨረሻቸው የኡሙልኸይር በረንዳ ነው። ፍርዷ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለመገመት አያስቸግርም፤ እኩል ተካፈሉ ትላለች። አንድ ጊዜ በአንዲት ድመት የተጣሉ ጎረቤታሞችን ሳይቀር በሳምንት በሳምንት እንዲያሳድሯት ፈርዳ አስታርቃለች። ድመቷ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሰፈር ቀየረች።

መድኃኒቱን ያመጣው የእህቷ ልጅ ሂሻም ነው። ስለ ባክቴሪያ ሲማር ሲማር ፀጉሩ የሳሳ ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የምርምር ማዕከል ይሠራል። እናቱ «ልጄ ሳይንቲስት ነው» ትላለች፤ ሰፈሩ «ዶሮ ጠባቂው» ይለዋል። አንድ ቀን የሰፈሩን ሴቶች የኡሙልኸይር በረንዳ ላይ ሰብስቦ ሥራውን ሊያስረዳ ተቀመጠ።

«ድዳችሁን የሚበላው ባክቴሪያ ነው» አለ። «እኛ ያን ባክቴሪያ ገድለን እሱኑ ዶሮዋን በመርፌ እንወጋታለን። ዶሮዋ ጠላት የመጣባት ይመስላትና ደሟ ውስጥ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ታበጃለች። ለጫጩቷ ብላም አስኳሉ ውስጥ ታኖረዋለች። እኛ ከአስኳሉ አውጥተን፣ አድርቀን ዱቄት እናደርገዋለን። እናንተ ድዳችሁን ስትቀቡት አንቲቦዲው ባክቴሪያው ላይ ይጣበቅና ድድ ላይ እንዳይለጠፍ ይከለክለዋል።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው የኡሙልኸይር የልብ ጎረቤት ዘኪያ ናት። የዘኪያ ድድ ከሁሉም የባሰ ስለነበር አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ነው የምታወራ።

«እንዴ ሂሻም፣ ዶሮ ራሷ ጥርስ አላት?»

«የላትም።»

«ጥርስ የሌላት ናት የኛን ጥርስ የምትጠብቅ?»

ሳቁ ጋብ ሲል አንዲት አሮጊት በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ባክቴሪያው ከማን አፍ የወጣ ነው? ከሙስሊም ነው ከክርስቲያን?»

«እማማ፣ ባክቴሪያ ሃይማኖት የለውም።»

«ሃይማኖት የሌለው ነገር ነው አፌ ውስጥ የከረመ? በል አሁኑኑ አስጠፋልኝ!» አሉና የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆኑ።

የሥራው ኃላፊ ዶክተር ፍሬ ስብሐት መጀመሪያ ያሰቡት ከየሰፈሩ፣ ከየሃይማኖቱ ሰው ለመመልመል ነበር። ነገር ግን ረመዳን አልፎ ሁዳዴው ገና ያልተፈታበት ወቅት ሆነና እንቁላል አፉ የሚያስገባ ምእመን ታጣ። ዶክተሩ ራሳቸው አጥባቂ ጾመኛ ናቸውና የሚያሞግሱትን ዱቄት በምላሳቸው ጫፍ እንኳ አላወቁትም። በዚህ ዓይነት የሳይንሱ ሸክም እንዳለ በሐይቁ ዳር ሙስሊም ሴቶች ድድ ላይ ወደቀ።

በመክፈቻው ቀን ዶክተሩ ንግግር አደረጉ። ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ ተናገሩ፣ ስለ ዲጂታል ዘመን ተናገሩ፣ ስለ ራሳቸው የትምህርት ጉዞ ብዙ ተናገሩ። መሐል ላይ፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን ብስኩቱ ላይ ጥለው ሳለ፣ ዋናውን ነገር ጣል አድርገውት አለፉ። ግማሾቹ የሚሰጣቸው የተወጋች ዶሮ አስኳል ነው፤ ግማሾቹ የሚሰጣቸው ያልተወጋች ዶሮ ተራ አስኳል ነው። መልኩም ጣዕሙም አንድ ነው። ለማን የትኛው እንደደረሰ ሴቶቹም፣ ሂሻምም፣ ዶክተሩም አያውቁም፤ የሚያውቀው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነው። ከሴቶቹ ይህን የሰማችው ዘኪያ ብቻ ናት፤ እሷም ብስኩቱ ስለጠነከረባት ነው ጆሮዋ ሥራ የፈታው።

በዚያ ሰሞን ሂሻም ቁጥር የተለጠፈበት ትንንሽ ብልቃጥ እያደለ ሄደ። ኡሙልኸይር ጠዋትና ማታ ቢስሚላህ ብላ ድዷን ትቀባለች። በሳምንቱ የኡሙልኸይር በረንዳ ላይ ሴቶቹ አፍ ለአፍ መተያየት ጀመሩ። «የኔ ደም ቀነሰ!» «የኔ ባሰበት!» «ያንችማ እጅሽ ስለማይጠራ ነው!» ሲባባሉ ዘኪያ የሰማችውን አወጣችው።

«ግማሻችን ባዶ ነው የተሰጠነ። ዶክተሩ አፍ አውጥቶ ተናግሯል።»

በረንዳው በአንድ እግሩ ቆመ። ሁሉም ወደ ኡሙልኸይር ዞረ። ኡሙልኸይር ለምን እንደተቆጣች ለመናገር ጊዜ አላጠፋችም፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«ለአንዱ ልጇ ወተት፣ ለአንዱ ልጇ ውኃ የምታጠጣ እናት አይቻለሁ?» አለች። «አላየሁም! የእህቴ ልጅ ይህን በዓይኑ እያየ አይሠራውም፤ ከላይ ታዞ ነው። ብልቃጡን አምጡ!»

ትልቁ የሠርግ ትሪ ወጣ። ብልቃጡ ሁሉ ተራ በተራ ተገለበጠ። አሮጊቷ ዱዓ አደረጉ፣ ኡሙልኸይር በንጹሕ ማንኪያ አማሰለችው፣ ከዚያም ዱቄቱን እየሰፈረች ወደየብልቃጡ መለሰችው። አንዷ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲታያት «አጉድይ!» ትላለች፤ ሌላዋ «ጨምሪ!» ትላለች። እንዲህ ያለ ፍትሕ በፍርድ ቤትም አይገኝም። ሂሻም አዲስ ብልቃጥ ባደለ ቁጥር ሴቶቹ ምስጋናቸውን አቅርበው በቀጥታ ወደ ኡሙልኸይር ቤት ይጎርፋሉ። ለሂሻም ግን አልነገሩትም። ልጁ ከአለቆቹ እንዳይጣላ ብለው ነው፤ አሳቢዎች ናቸው።

ድዱም ዳነ። ሙሉው መድኃኒት የሚያደርገውን ያህል ባይሆንም ግማሹ እንኳ አልሰነፈም፤ የሁሉም ደም ቀስ በቀስ ቆመ። ዘኪያ የሻሿን ጫፍ ከአፏ ላይ አነሳች፤ ቆንጆ አፍ እንዳላት ሰፈሩ ያኔ አወቀ። ኡሙልኸይር ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ቀምሻለሁ» ሳትል ትሪው ፊት ቁጭ አለች። ነከሰች፣ የነከሰችውንም አየችው፤ ነጭ ነበር። ሱሌማን ጉርሻ ጠቅልሎ ሰጣትና ዓይኑን ወደ ሐይቁ አዞረ። ሱንዱስ እያለቀሰች ሳቀች። ኡሙልኸይር በዚያ ቀን የበላችው ዓሣ ዕድሜዋን ሙሉ ከበላችው ሁሉ ጣፈጣት።

የመዝጊያው በዓል ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ተደገሰ። ባነሩ ከግድግዳው ይረዝም ስለነበር «የድድ በሽታን» የሚለው ተነቦ «እናሸንፋለን» የሚለው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። ሴቶቹ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ለካሜራ ጥርሳቸውን እንዲያሳዩ ታዘዙ፤ አሳዩ። ኬኩ በመንጋጋ ቅርጽ ተሠርቶ መጥቷል። ኡሙልኸይር ሂሻም ወደ ዶክተሩ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ሲያንሾካሹክ አየችው። የልጁ ፊት አመድ መስሏል። ዶክተሩ ኬኩን አዩ፣ እንግዶቹን አዩ፣ ከዚያ ማይኩን ጨበጡ።

«ክቡራትና ክቡራን! ውጤቱ ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ደርሶናል። የተወጋችውም ዶሮ፣ ያልተወጋችውም ዶሮ እኩል አድነዋል! ይህ ማለት የአገራችን ዶሮ ሳትወጋም መድኃኒት ናት ማለት ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ባለሥልጣን ተነስተው ዶሮዎቹ ወደ ውጭ የሚላኩበት መንገድ እንዲጠና አሳሰቡ። ያኔ ከአዲስ አበባ የመጣችው የገንዘብ ሰጪው ድርጅት ተወካይ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት።

«ይቅርታ ዶክተር። እውነተኛውን የወሰዱት ተራውን ከወሰዱት ካልበለጡ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው። እኛ እዚህ ላይ እናበቃለን። ዶሮዎቹም ይሸጣሉ።»

ኡሙልኸይር ሂሻምን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። ልጁ ስንት ዓመት የለፋበት ነገር ዓይኗ እያየ ሲቀበር ዝም ብላ ማየት አልቻለችም። ተነሳች።

«እንዴት አይሠራም? እኔ ዛሬ ዳቦ እነክሳለሁ! ዘኪያ፣ ተነሽ፣ አፍሽን አሳያቸው! ልጁ ላይ ግፍ አትናገሩበት። ሁላችነም እኩል የዳን እኩል ስለተካፈልን ነው።»

«እኩል ስለተካፈልን ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» አለች ተወካይዋ።

«ብልቃጡን በየሳምንቱ እኔ ቤት ትሪ ላይ ገልብጠን፣ አማስለን፣ በማንኪያ አካፈልሁት። ወላሂ ለማንም አላዳላሁም፤ ለገዛ ራሴ እንኳ አንዲት ቁንጥር አልጨመርሁም!»

ይህን ብላ ጭብጨባ ጠበቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የሚመልሰው አልነበረም። ባለሥልጣኑ ማጨብጨብ ጀምረው ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያዩ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሂሻም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መጀመሪያ የነቁት ዶክተር ፍሬ ስብሐት ናቸው፤ ወደ ሂሻም ጠጋ ብለው «ሪፖርቱ ላይ ከፍተኛ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነበር ብለህ ጻፈው» አሉና ኬኩን ሊቆርሱ ሄዱ።

ተወካይዋ ግን ኬክ ሳትቀምስ ቁርጡን ተናገረች። ባሉት ዶሮዎች አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ይደገማል። ሁለተኛ ከተካፈሉ ዶሮዎቹ ወደ ገበያ፣ ሂሻምም ወደ ቤቱ ይሄዳሉ።

በማግስቱ ሂሻም መጣ። ኡሙልኸይር ሐይቁ ዳር ዓሣ እያሰጣች ነበር። ቢጮህባት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ ልጠይቅዎት። ሁሉም ሰው እኩል ከዳነ ያዳነው መድኃኒቱ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ውኃው ይሁን፣ ዱዓው ይሁን፣ አፋችሁን አዘውትራችሁ መታጠባችሁ ይሁን?»

«በዱዓው ደግሞ ምን አገባህ?»

«አልገባሁም። ግን ከደቅ ደሴት እስከ እንፍራንዝ ድዱ የሚደማ ስንት ሰው አለ? መድኃኒቱ ለእነሱ የሚደርሰው ይህችኛዋ ድና ያችኛዋ ሳትድን ሲታይ ነው። ልዩነቱ ነው ምስክሩ። እርስዎ ልዩነቱን አማሰሉት።»

ኡሙልኸይር ዓሣውን አስቀመጠች። «ያች የማትድነውሳ? ምን በደለች?»

«ምንም አልበደለችም። ዕጣ ነው። ሙከራው ሲያልቅ እውነተኛው ለሁሉም ይሰጣል።»

«ጥርስ እስከዚያ ይጠብቃል?»

ሂሻም ሐይቁን አየ። «አንዳንዱ አይጠብቅም» አለ።

ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ባባረረችው፤ አልዋሸም። ኡሙልኸይር በሕይወቷ ሙሉ ስትፈርድ ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም። አሁን ግን «ቅንድብ ልስል ብዬ ዓይንህን አጠፋሁት፣ ልጄ» አለችው። አጽናናት፤ እሷ ግን መጽናናት አልፈለገችም።

በዚያው ቀን ሴቶቹን ሰበሰበች። «የፈረድሁት ፍርድ ስሕተት ነው» ስትል አሮጊቷ ከዘራቸውን ጣሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በየቤቷ፣ ለየብቻዋ ትቀባለች። ያካፈለችም፣ የተካፈለችም ከኔ ትሪ አትቀመጥም።»

«ያ አላህ!» አለች ዘኪያ። «ደግሞ መካፈል ወንጀል ሆነ?»

«ለጊዜው ሆኗል» አለች ኡሙልኸይር፤ የተናገረችው ለራሷም ጆሮ ደስ አላለውም። ያም ሆኖ ራሷም ማለች፣ ሁሉንም አስማለቻቸው።

መድኃኒቱን ከአፋቸው ካራቁት በኋላ የሁሉም ድድ እንደገና እስኪደማ ተጠበቀ፤ ከዚያ አዲስ ዕጣ ወጣ፣ አዲስ ብልቃጥ ታደለ። ሰፈሩ እንግዳ ነገር ያዘው። ሴቶቹ በር ዘግተው፣ መስኮት ጋርደው፣ እንደ ሌባ ድዳቸውን ይቀባሉ። ሲገናኙ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ እንጂ አፍ ለአፍ አይተያዩም። ግን ድድ እንደ እርግዝና ነው፤ ቢደብቁትም ራሱን ይናገራል። የዘኪያ ድድ በሳምንታት ውስጥ ጠንክሮ እንደ ልጅ ድድ ሮዝ ሆነ። ሻሿ እንደገና ከአፏ ወረደ።

የኡሙልኸይር እየቀላ፣ እያበጠ፣ እየሸሸ ሄደ። መጀመሪያ «ቀን ይወስዳል» አለች። ከዚያ «እጄ ሳይከብድ አይቀርም» አለች። በመጨረሻ በዕጣ የደረሳት ተራው አስኳል መሆኑን አወቀች፤ ሂሻምም አይቶ አወቀ፤ ግን ሕጉ ስለማይፈቅድ አልተናገሩም። እንደገና «እናንተ ብሉ፣ እኔ ቀምሻለሁ» ማለት ጀመረች። ሱሌማን ይህን በሰማ ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ጀልባው ሄደ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘኪያ ሻሿ ሥር የሆነ ነገር ይዛ መጣች። ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችና ብልቃጧን አወጣች።

«አፌን እዪው። የኔ እውነተኛው ነው፤ ያንች ባዶ ነው። ግማሹን ውሰጅ።»

«ምለናል ዘኪያ።»

«ለማን ነው የማልነው? ለዚያ ለባነሩ ዶክተር? ሙከራው ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። አንች አንዷ ብትድኝ ማን ይቆጥርሻል? ማንስ ያየናል?»

«አላህ ያየናል።»

«አላህ መካፈልን ይጠላል እንዴ?» አለች ዘኪያ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይህን ያስተማርሽኝ አንች አይደለሽም? ልጄን ስወልድ ግማሽ ድስትሽን አምጥተሽ ያበላሽኝ አንች አይደለሽም? ዛሬ እኔ እየበላሁ አንች ጥርስሽ ሲረግፍ ልይ?»

የሴትዮዋ ነገር እውነት ነበር። ኡሙልኸይር ደግሞ ብልቃጡን ፈለገችው፤ ውኃ የጠማው ሰው ውኃ እንደሚፈልግ ፈለገችው። እናቷን ከመጋረጃው ጀርባ አየቻት። ሱሌማን ያልጨረሰውን ምሳ አየችው። እጇ ሳታዘው ተዘረጋና የብልቃጡን ክዳን ነካ። እኔ ብሆን እወስደው ነበር፤ አንባቢም ካልዋሸ ይወስደዋል።

እሷ ግን ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ብልቃጡን ዘኪያ እጅ ውስጥ መልሳ ከተተችና ጎረቤቷን በትከሻዋ ይዛ ወደ በሩ አዞረቻት።

«ውጭልኝ» አለች።

በዚያ ቤት እንግዳ «ውጭ» ተብሎ አያውቅም። ዘኪያ ያልሰማች መስላ ቆመች።

«ውጭልኝ ነው የምልሽ! ካንች ከተቀበልሁ የደቅ ሴቶች ምን ሊደርሳቸው ነው? ሁለተኛም ይዘሽው እንዳትመጭ!»

ገፍታ አስወጣቻትና በሩን ወረወረችው። ዘኪያ ከውጭ በመዳፏ በሩን እየመታች ታለቅስ ጀመር። «እህቴ! ክፈችልኝ! ጥርስሽ እኮ ነው! አፌ ውስጥ ያለው ያንችም ነው፣ ክፈችልኝ!»

ኡሙልኸይር ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። እጇ ወደ መቀርቀሪያው ሲሄድባት ላለመክፈት ጥርሷን ነከሰች፤ የነከሰችበት ጥርስ ግን አልቻላትም። ምላሷ ላይ ሲወድቅ አልጮኸችም፤ በመዳፏ ተቀበለችው። ዘኪያ አሁንም በሩን ትመታለች። ኡሙልኸይር ዘኪያ ሰምታ ደግማ እንዳትለምናት ለቅሶዋን በነጠላዋ አፈነችው፤ አልከፈተችም።